ሚኒባስ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች

ደባርቅ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ መካኒኩን ትዕዛዙን ያውቀዋል፤ ያማዋልም። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ጋራዥ የእሱ ነው። ለእጁ እንከን አይወጣለትም። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል፤ እሱ የሠራውን ፍሬን ይዞ የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ሐሳብ አይገባውም። ችግሩ እጁ ሳይሆን ሌላው ሁለመናው ነው።

ትዕዛዙ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ ይፈታል፤ ከዚያ ይጠይቃል። "ሥራ መጀመሬ ነው" ይላል። እውነቱ ግን የተፈታ መኪና ወደ ሌላ ጋራዥ አይሄድም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ አሥር አሥራ አንድ መኪና አንጀቱ ተዘርግፎ ይቆማል። ባለቤቱ ሲመጣ የሚሰጠው መልስ ሦስት ነው፤ "ነገ"፣ "ዕቃው ከጎንደር እየመጣ ነው"፣ አለዚያም "ጥፋቱ የሾፌሩ ነው"። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አራተኛ መልስ አላስፈለገውም። ደንበኛ ቢቆጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መኪና ሥር ይገባል። እግሩን ይዞ የሚጎትተው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ወይዘሮ ገበያነሽ ከደንበኞቹ አንዷ ናት። ባሏ ሲሞት የተወላትን ሚኒባስ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥታ፣ ከደባርቅ ጎንደር ራሷ የምትነዳ ሴት ናት። ጥቅምት ላይ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አልሠራ ብሏት መኪናዋን አስጎትታ ትዕዛዙ ዘንድ አመጣችው። ትዕዛዙ ሞተሪኖውን ፈታ። የኋላውን ወንበርም ፈታ፤ የኋላ ወንበር ከሞተሪኖ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስከ ዛሬ አልታወቀም። "አንቺ፣ ይሄን ፀሐይ እንዳያበላሸው ቤትሽ ውሰጂው" አላት። በጋሪ አስጭና ወሰደችው። ሳሎኗ ጠባብ ስለሆነ የድሮ ሶፋዋን ለእህቷ ሰጥታ የመኪናውን ወንበር በቦታው አስቀመጠች።

ሞተሪኖውን ትዕዛዙ በዚያው ሳምንት ጠገነው። ጠግኖ ሲያበቃ ግን፣ ወደ አዲ አርቃይ ለሚወርድ ሌላ ሚኒባስ "ለአንድ ቀን" ብሎ አዋሰው። አንድ ቀኑ አራት ወር ሆነ። ገበያነሽ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች የጋራዡ በር ላይ ትቆማለች፤ እሱም ሐሙስ ሐሙስ ዕቃው ከጎንደር እየመጣ መሆኑን ይነግራታል።

የካቲት ላይ የትዕዛዙ ልጅ ምስክር፣ ዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ የሆነው፣ መጥቶ "አባዬ፣ ላገባ ነው፤ ሽማግሌ ላክልኝ" አለው። ትዕዛዙ ደስታው ወሰን አጣ። ምስክር አንድ ልጁ ነው፤ እናቱ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ነው ያሳደገው። በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ምኞት የዚህን ልጅ ሠርግ ማየት ነው።

"የማን ልጅ ናት?" አለ፣ የእጁን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ።

"ሰብሌ ትባላለች። እዚያው ዳባት አስተማሪ ናት። የወይዘሮ ገበያነሽ ልጅ።"

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

ሌላም ጉድ ተከተለ። ደባርቅ ውስጥ ለሽምግልና የሚበቃ ሰው ሁሉ፣ ወይ መኪናው ወይ ሞተር ሳይክሉ ትዕዛዙ ግቢ ውስጥ ነው። ጡረተኛው መምህር ሰይፈ ሥላሴ፣ ሞተር ሳይክላቸው ተፈትቶ በጆንያ ከተከተተ ዓመት ያለፈው፣ "ደስ ይለኛል፤ ነገ ና" አሉት። በነጋታው ቢሄድ አሁንም "ነገ" አሉት። በመጨረሻ የተገኙት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ የንስሐ አባቱ መምሬ ቃለ አብ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጀነሬተር እሱው ዘንድ ቢሆንም፣ የንስሐ ልጅ እምቢ አይባልም ብለው መጡ። ሁለተኛው ከአንዲት በቅሎ በቀር የሚያሽከረክሩት የሌላቸው ገበሬው አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ናቸው። እሳቸውም በቅሎዋን ቤት ትተው በእግራቸው መጡ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገሩም።

እሑድ ማለዳ ሦስቱ ገበያነሽ ደጅ ቆሙ። ትዕዛዙ ከኋላ ነው፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለች ገበያነሽ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ መምሬ፣ እንደ ወጉ።

ጉዳዩ ተነገረ። ገበያነሽ እስከ መጨረሻው ሰማች። ጋቢውን አየች፤ ከጋቢው በላይ ያሉትንም ዓይኖች አየች።

"መልካም። ተሰምቷልና አሁን ተቀመጡ።"

ተደርድረው ተቀመጡ። ትዕዛዙ ምን ላይ እንደተቀመጠ ያወቀው ስፕሪንጉ ሲወጋው ነው። ራሱ የፈታው ወንበር ነበር። ሦስቱም ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ረዳቱ ሒሳብ እስኪሰበስብ የሚጠብቁ ተሳፋሪዎች መሰሉ።

"እንግዲህ ነገሩን ፈታተን እናየዋለን" አለች ገበያነሽ በፍጹም ትሕትና። "ነገ ተመለሱ።"

በነጋታው ተመለሱ። "አጎቷ ሳይሰማ አይሆንም፤ ከጎንደር እየመጣ ነው" አለቻቸው። በሳምንቱ ደግሞ ሄዱ። "አጎቷስ መጥቶ ነበር፤ ግን ልኩ አይደለም። የሚያስፈልገው የአባቷ ወንድም ነው፤ የመጣው የኔ ወንድም ነው። መልሰነዋል።"

"ዘመድ እንዴት ልኩ አይደለም ተብሎ ይመለሳል?" አሉ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ጋራዥ ደጅ ረግጠው የማያውቁት። መምሬ ግን ሲወጡ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "ልጄ፣ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" አሉት።

ትዕዛዙን ሥራውን እየተወ መመላለሱ፣ የሰው ደጅ መጥናቱ፣ አንዲት እውነተኛ ቃል ማጣቱ አንገበገበው። "ይሄ ሰውን መናቅ ነው! 'አልሰጥም' ብላ ቁርጤን ብትነግረኝ ምን አለበት!" እያለ ግቢው መሐል ጮኸ። የመኪናቸውን ነገር ሊጠይቁ የመጡ አራት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ነበር። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ቅዳሜ ምስክር መጣ። "ሰብሌ እናቴ ሳትመርቀኝ አላገባም ብላለች። እኔ ደግሞ ከእሷ ሌላ አላገባም" አለ። "አባዬ፣ የሴትዮዋን መኪና ለምን አትሰጣትም?"

"ሞተሪኖው አዲ አርቃይ ነው።"

"አዲ አርቃይ! ታዲያ እውነቱን ለምን አልነገርካትም?"

ትዕዛዙ ሦስቱን መልሶች በየተራ አሰባቸው። አንዳቸውም ለዚህ ጥያቄ አልገጠሙም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በአውቶቡስ ሊማሊሞን ወረደ። የአዲ አርቃዩ ሾፌር "ነገ ፈትቼ እሰጥሃለሁ" ቢለው ኮቱን አውልቆ መኪናው ሥር ገባ፤ ሞተሪኖውን ታቅፎ ወጣ። ማክሰኞ ገጠመው። ሥራው የፈጀው ሁለት ሰዓት ነው። አራት ወር የተጠበቀ ሥራ፣ ሁለት ሰዓት!

እሑድ ሚኒባሱን ራሱ ነድቶ፣ ሽማግሌዎቹን አሳፍሮ ገበያነሽ ደጅ አቆመ። ሳሎን ገባና ከአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ጋር ወንበሩን ተሸክሞ አወጣ። ቦታው ላይ አሰረው፤ አንድም ብሎን አልጎደለም። ከዚያ ተመልሶ ገብቶ፣ ጋቢውን ከፊቱ አውርዶ ቆመ።

ገበያነሽ በተከፈተው በር ሚኒባሷን አየች።

"አቶ ትዕዛዙ" አለች፣ "ልጄን ያስተማርኩት በዚያ መኪና ነው። መኪና ነውና ይበላሻል፤ የከፋኝ እሱ አይደለም። አሥራ ስድስት ሐሙስ ደጅዎ ቆምኩ። አንድ ቀን እንኳ 'ቁጭ በይ' አላሉኝም።"

ትዕዛዙ "ጥፋቱ የ..." ብሎ ጀመረ። ምላሱ የለመደው ሾፌሩን ነው፤ ሾፌሯ ደግሞ ፊቱ ቆማለች። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። ቃሉ እንደ ዛገ ብሎን እየተንገራገጨ ነው የወጣው።

ገበያነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርዝ አበሰች። "ልጄን ሰጥቻለሁ" አለች። "ተቀመጡ።"

ዘወር ዘወር ብለው አዩ። መቀመጫ የለም። ሶፋው እህቷ ቤት ነው፤ ወንበሩ ውጭ፣ መኪናው ውስጥ ታስሯል። መጀመሪያ የሳቀችው ገበያነሽ ናት። "ኑ፣ እንግዲያው እዚያው እንቀመጥ" ብላ ቁልፉን ከትዕዛዙ እጅ ተቀበለች። ሽማግሌዎቹ የለመዱት ወንበር ላይ ተደረደሩ፤ ትዕዛዙ ፊት ገባ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። መምሬ መረቁ፤ አሜን ተባለ፤ ለሰብሌ የምሥራቹን ለመንገር ወደ ዳባት ጉዞ ጀመሩ።

ከከተማው እንደወጡ መምሬ ከኋላ ጎንበስ አሉ። "ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጀነሬተርስ?"

"ነ..." አለ ትዕዛዙ። ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ የገበያነሽ ዓይኖች ይጠብቁታል።

"መምሬ፣ ግማሹ የመምህር ሰይፈ ሥላሴ ጆንያ ውስጥ ነው። ግማሹን ግን እግዜር ያሳይዎት፣ የት እንዳደረስኩት አላውቅም።"

መምሬ ቃለ አብ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብለው በረጅሙ ተነፈሱ።

"ተመስገን" አሉ። "ቁርጡን አወቅን።"