በአረቄ የመጣው ስፖንጅ

የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ክረምቱን ያሳለፍኩት ጉለሌ፣ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብልቃጥ በማጠብ ነበር። እዚያ የሚሠሩ አንዲት ዶክተር ከባሕር እንስሳት መድኃኒት ይገኝ እንደሆነ ያጠናሉ። ስፖንጅ እንስሳ መሆኑን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር መሸሽም መንከስም አይችልም። ራሱን የሚከላከለው ሰውነቱ ውስጥ በሚያዘጋጀው መርዝ ነው። ያ መርዝ ምናልባት ባክቴሪያም ይገድል ይሆናል። እኔ ከእንጦጦ ግርጌ ርቄ ስለማላውቅ ባሕርን የማስበው እንደ ሰፊ ሐይቅ ነበር።

ስፖንጁን የሚልክልን የዶክተሯ ታናሽ ወንድም ነው፤ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለግላል። ስፖንጁ እንዳይበሰብስ የሚዘፈዝፍበትን ንጹሕ አልኮል ከዚህ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ያን ክረምት ፈሳሽ ውስጥ የተዘፈቀ ቡናማ ስፖንጅ በትልቅ ጠርሙስ ደረሰን። ክዳኑን ስከፍተው ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ለዶክተሯ ስነግራቸው መጽሐፍ ገልጠው አሳዩኝ፤ አንዳንድ የስፖንጅ ዓይነቶች ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ ይላል። ሁለታችንም ደስ አለን።

ደስታው ምክንያት ነበረው። የክፍሉ ኃላፊ ለዶክተሯ አስቀድመው ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ በክረምቱ ማብቂያ ለሚደረገው ግምገማ ውጤት ካልቀረበ ጥናቱ ይዘጋል፣ እሳቸውም ወደ ውሃ ምርመራ ክፍል ይዛወራሉ።

ስፖንጁን ፈጭተን አጣራነው። በጭማቂው ክብ ወረቀት ነክረን አደረቅንና ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ አኖርነው። በማግስቱ ወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ወጣ። ለማመሳከሪያ በንጹሕ አልኮል ነክረን ያደረቅነው ወረቀት ግን ምንም አላሳየም። ደጋግመን ብንሞክረውም ያው ሆነ። ኃላፊው ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩና «ይህማ ከበቂ በላይ ነው» አሉ።

ግምገማው ሲቃረብ ወንድምየው በፈቃድ መጣ። ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አይቶ ሳቀ።

«እታለም፣ አረቄያችንን ጨረሳችሁት?»

«የምን አረቄ?»

«የሰጠሽኝ አልኮል መንገድ ላይ ተሰበረ። ስፖንጅ ደግሞ በዚያ ሙቀት ሳይበላሽ አያድርም። ጓዶቼ ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት የዘፈዘፉበት አረቄ ነበራቸው፣ ለምኜ ወሰድኩት። እስካሁን ይረግሙኛል።»

ዶክተሯ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ታዲያ አትነግረኝም?»

«አሽትታችሁ የምታውቁት መስሎኝ ነዋ።»

ከሽሮ ሜዳ አረቄ ገዝቼ መጣሁ። ነጭ ሽንኩርት ዘፈዘፍንበትና በዚያው መንገድ ሞከርነው። ያው ጥርት ያለ ክብ ወጣ። ስፖንጁ መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም፤ አለውም ማለት ግን አልቻልንም። የቀረን ስፖንጅ በሙሉ አረቄውን ጠጥቷል።

ኃላፊው ነገሩን ሲሰሙ ብዙም አልደነገጡም። «ነጭ ሽንኩርትም ቢሆን ገድሏል። ግምገማ ላይ ሳህን የሚያሸት የለም።»

«እኔ አሽትቻለሁ፣ ጓድ» አሉ ዶክተሯ።

በግምገማው ዕለት የስፖንጁንና የነጭ ሽንኩርቱን ሳህን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። ጥናቱ ተዘጋ፤ እሳቸውም በሳምንቱ ወደ ውሃ ምርመራ ክፍል ተዛወሩ። ብልቃጦቻቸውን ያጓጓዝኩላቸው እኔ ነኝ።

ወንድምየው ወደ ምጽዋ ሊመለስ ሲል ሊሰናበታቸው አዲሱ ክፍል መጣ። ዶክተሯ የተረፋቸውን ንጹሕ አልኮል በፕላስቲክ ጀሪካን ሞልተው፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠምጥመው ሰጡት።

«ጥናቱ ተዘግቶ የለም እንዴ? ስፖንጁን ማን ሊመረምረው ነው?»

«እዚህም ሳህን አለ» አሉ። «ይሄኛውም ከፈሰሰ ግን ስፖንጁን አትንካው፤ እዚያው ባሕሩ ውስጥ ይቆይ።»

ጀሪካኑን ተሸክሜ እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። ውይይት ታክሲ ውስጥ ገብቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሰውዬ «አረቄ ነው?» ብለው ሲጠይቁት «ናፍጣ ነው፣ አባባ» ሲላቸው ሰማሁት።