አባቴና የሦስት ወሩ ስኳር

አባቴ የምርመራ ውጤት ሲነገረው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከስንት ነው?» ብሎ ነው። ደም ግፊቱን ለክተው ሲነግሩት «ከስንት?» ይላል። ኩላሊትም ሆነ ኮሌስትሮል ለእሱ ወይ ከሃያ ወይ ከመቶ መሆን አለበት። ሞርሲቶ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ምርመራና ፈተና አንድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። እኔን የሚያናድደኝ ለፈተናው መዘጋጀቱ ነው።

ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ጀምሮ ክትትሉ ሆሳዕና፣ እኔ በምኖርበት ከተማ ነው። ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው እናቴ ደውላ «ጀመረ» ትለኛለች። ጣፋጭ ሻይ ይቀራል፣ ዳቦ ይቀራል፣ ምሳም እራትም ጎመን ይሆናል። ጠዋት ጠዋት እስከ ገበያው ድረስ በእግሩ ይመላለሳል፤ ሰላም የሚለውን ሰው እንኳ ቆሞ አያናግርም። በቀጠሮው ቀን ምንም ሳይቀምስ ክሊኒክ ሄዶ ደም ይሰጣል። ከዚያ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን «አንተ ስንት አመጣህ? አንቺስ?» እያለ ደረጃውን ያወጣል። ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣ ነው የሚያልፈው ሲባል መጀመሪያ አልተዋጠለትም ነበር፤ ከለመደው በኋላ ግን ካልበለጥኩ አለ።

ይበልጣልም። ከክሊኒኩ ወጥቶ በቀጥታ ኬክ ቤት ይገባል። ማታ ሞርሲቶ ሲመለስ ደግሞ አተካና ይጠብቀዋል፤ በወተት የተሠራ ቡላ፣ ቅቤው ከላይ ተኝቶበት። እናቴ ስትቆጣ «ይሄ ምኑ ነው ስኳር? ቅቤ አይደለም እንዴ?» ይላታል።

ታላቅ ወንድሙ አንድ እግሩን ያጣው በዚህ በሽታ ነው። የአባቴም የግራ እግር ጣቶች መደንዘዝ ጀምረዋል፤ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ሲያቆስለው አልታወቀውም። በጣም ፈርቼ ነበር። ለሐኪሟ ልነግርበት ብሞክር «ፈተና ክፍል ቤተሰብ አይገባም» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ደግነቱ ሐኪሟ ራሷ ቁስሉን አይታ ጠራችኝ። ወጣት ናት፤ ቁጣም የላትም።

«አባት፣ ስኳርዎ ሁልጊዜ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ይሄ ቁስል ለምን አልደረቀም?» አለችው።

አባቴ ጣሪያውን አየ።

«ዛሬ ሌላ ምርመራ እናደርጋለን። ኤዋንሲ ይባላል። የዚህን ሳምንት ብቻ ሳይሆን የሦስት ወሩን ስኳር ደምዎ ውስጥ ያሳየናል።»

«ሳይነገር?» አለ አባቴ።

«ለዚህ ዝግጅት አያስፈልግም፤ ቁርስ በልተውም ቢመጡ ያው ነው።»

ሳቄን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሞርሲቶ ውስጥ በፈተና ዋዜማ ብቻ የሚያጠና ተማሪን መድረሻ ያሳጣው እሱ ነው። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ!» እያለ በየሳምንቱ ሳይነግረን ይፈትነን ነበር። እኔም ተማሪው ነበርኩ። አንድ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ኮርጆ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ሲያመጣ እኔ አራት ከሃያ አመጣሁ። እያለቀስኩ አጠገቡ ስቆም ወረቀቴን አይቶ «ትንሽ ነው፤ ግን የራስሽ ነው» አለኝ።

የሦስት ወሩ ውጤት ዘጠኝ ተኩል ሆነ። «ከስንት?» አላለም።

«ከሰባት በታች ነው የምንፈልገው» አለች ሐኪሟ። «መድኃኒት እጨምርልዎታለሁ። በሦስት ወር ካልወረደ ግን መርፌ እንጀምራለን።»

«ወንድሜም በመርፌ ነው የጀመረው» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። የወንድሙን እግር የወሰደው ስኳሩ እንጂ መርፌው እንዳልሆነ ብታስረዳውም የሰማት አልመሰለኝም። ያን ቀን ኬክ ቤቱን ቀና ብሎ ሳያየው አለፈ።

በመካከሉ የሃዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ገባ። በዓሉ ያለ አተካና አይሆንም፤ ከየቤቱ ይጠራል፣ እምቢ ማለትም ነውር ነው። አባቴ አንድ ማንኪያ ቀምሶ «ይቅርታ፣ ፈተና ላይ ነኝ» እያለ ይነሳ ጀመር። ሰፈሩ በዚህ ዕድሜው ዩኒቨርሲቲ ገባ ብሎ አወራ። አንዲት ጎረቤት ጭራሽ ለመመረቂያው በግ እናዋጣ ማለቷን እናቴ በስልክ ስትነግረኝ በሳቅ ሞትኩ።

ቀጠሮው ሲደርስ ሐኪሟ ዘንድ እኔንም ይዞኝ ገባ። ሰባት ነጥብ ስምንት ነው ተባለ። ሐኪሟ ደስ ብሏት መርፌው ይቆይ አለች፤ ቁስሉም ደርቋል። እኔ እዚያው እንባዬ መጣ። እሱ ግን ከሰባት በላይ መሆኑን ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አግዳሚው ላይ ያሉት ያውቁታል። አንዱ «ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት አመጡ?» አለው።

«አላለፍኩም» ብሎ ዳር ላይ ተቀመጠ።

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «ገና ነው አባባ» አልኩት። «ግን የራስህ ነው።»

ዞር ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ለሳቅ ተንቀሳቀሰ።

«አራት ከሃያ» አለኝ። «ያውም ቀላል ፈተና ነበር።»