ቀይ አፈር

ሀና ማርያም ታክሲ መውረጃው አጠገብ ሸክላ የምትሸጠውን ሴትዮ ስሟን አላውቅም። ገበያ ቢቀዘቅዝም እጇ አያርፍም። በጣሳ የበጠበጠችውን ቀይ አፈር ገና እሳት ያልገባ ድስት ላይ በጨርቅ ትቀባለች፤ ጠፈፍ ሲል ደግሞ እስኪያብረቀርቅ በለስላሳ ጠጠር ታሸዋለች። ሰው ሲመጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትስባለች። ዓይነ አፋር ትመስለኝ ነበር።

ትናንት ሕፃን ያቀፈች ሴት አንድ የተተኮሰ ድስት አነሳች።

«ቀለሙ ይለቃል እንዴ?»

«ቀለም አይደለም እህቴ፤ አፈር ነው። እሳት ካየ ወዲያ የት ይሄዳል?» አለችና ጣቷን በምራቋ አርሳ ድስቱን ፈተገችው። ጣቷ ንጹሕ ነበር።

ሕፃኑ ሳቀላት። እሷም ቀና ብላ፣ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ፈገግ አለች። እናትየው ግን «በስመ አብ!» ብላ የልጁን ፊት በሻርፕ ሸፈነችው። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ተብሎ! ዛሬም፣ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ሥር! ድስቱን እንደሆነ አልመለሰችም፤ እንደታቀፈችው ነው። ወጥ ሊሠራበት የሸክላ ሠሪዋ እጅ አያስፈራም፣ ዓይኗ ግን ያስፈራል! ልናገር አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ቀደመችኝ። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ እየሳበች፣

«ልጁን አታፍኚው እህቴ» አለች፤ «እኔ እሸፈናለሁ።»