ዶሮዋ የታቀፈችው ቁልፍ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ጫጩት በካርቶን ተሸክሞ የግቢዬን በር አንኳኳ። ካርቶኑ ጎንና ጎኑ ተበሳስቷል፤ በየቀዳዳው አንዳንድ ቢጫ አፍ ብቅ ብሎ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለማቋረጥ ይንጫጫል። በበሩ ስንጥቅ እያየሁ እናታቸው የት አለች ብዬ ስጠይቀው፣ "እናት የላቸውም እትዬ፤ በመብራት ነው የተፈለፈሉት" አለኝ፣ አባታቸው አምፖል እንደሆነ ሁሉ። እኔ ደግሞ በሩን ልከፍት ከቁልፎቼ ጋር እየታገልኩ ነበር፤ የላዩ አንድ፣ የታቹ አንድ፣ የሰንሰለቱ አንድ፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደሚከፍት እግዜር ብቻ የሚያውቀው። ቁልፍ በእጄ፣ የጫጩት ድምፅ በጆሮዬ፣ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲገጥሙብኝ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አሰላ፣ ጎረቤታችን አዴ ሸምሲያ ቤት፣ አንዲት ቀይ ዶሮ ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ እኛ እንቁላል መብላት እናቆማለን እንጂ ዶሮዎቻችን መጣል አያቆሙም፤ ጾሙን የነገራቸው የለም። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ቤታችን ውስጥ እንቁላል ያልተቀመጠበት ዕቃ የአባቴ ባርኔጣ ብቻ ነበር፣ እሱም ራሱ ላይ ስለሚውል ነው። እናቴ የተረፈውን ለማስፈልፈል ብታስብም የኛዎቹ ዶሮዎች መታቀፍ የሚባል ነገር አይሆንላቸውም፤ ጥለው፣ አስካክተው፣ ሰፈሩን ሁሉ ካስመሰከሩ በኋላ ዞር ብለውም አያዩት። ከአጥር ማዶ ያሉት የአዴ ሸምሲያ ቀይ ዶሮ ግን ለመታቀፍ የተፈጠረች ነበረች፤ ድንጋይ ቢሰጧት ድንጋዩን ታሞቃለች። አዴ ሸምሲያ ቅቤ የሚነግዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሲቆጡ ውሻ እንኳ መንገድ የሚለቅላቸው ሴት ነበሩ። በሳቸውና በናቴ መካከል በየዓመቱ የሚታደስ ስምምነት ነበር፤ እንቁላሉ ከኛ፣ ዶሮዋ ከሳቸው፣ ጫጩቶቹ ከናታቸው ሲለዩ እኩል ለኩል።

በዚያ ዓመት አሥራ ሦስት እንቁላል በከሰል ምልክት ተደርጎበት፣ አዴ ሸምሲያ ቤት ከበሩ ኋላ፣ ጭድ በተጎዘጎዘበት የእንስራ ስባሪ ውስጥ ተቀመጠ። ሁሉም በደህና ሄዶ አሥራ ስምንተኛው ቀን ላይ ሰማዩ ማጉረምረም ጀመረ። በሰፈራችን ሴቶች ዘንድ ነጎድጓድ ጫጩትን ከነቅርፊቱ ይገድላል፤ መድኃኒቱ ከጭዱ ስር ብረት ማድረግ ነው። የተራራችን የጭላሎ ነጎድጓድ ደግሞ እንደ ሌላ አገር ነጎድጓድ አይምሰላችሁ፤ አንዴ ሲያጓራ ሩቅ አገር አርቦዬ ያለ ሰው የተጠራ መስሎት "አቤት" ይላል። እናቴ አንድ ትልቅ ሚስማር አስጨብጣኝ "ሩጪ፣ ከዶሮዋ ስር ክተቺ!" አለችኝ።

ሮጥኩ። ግን በመንገዴ ላይ ሚስማሩን እየወረወርኩ መሬት ላይ ስተክል፣ ስነቅል፣ ስተክል፣ በመጨረሻ የሚነቀል ጠፋ። የዚያን ዘመን የአሰላ ጭቃ ሚስማር ቀርቶ በቅሎ ከነጫኟ ይውጥ ነበር። ባዶ እጄን ወደ እናቴ ከመመለስ ነጎድጓዱ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሹልክ ብዬ ቤት ስገባ የአባቴ ኮት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በኪሱ ውስጥ ክንዴን የሚያህል ቁልፍ። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቁልፉ የአገሬው ክርክር ሁሉ የሚቆለፍበት የትልቁ ሣጥን ነው። እሑድ ስለሆነ ፍርድ ቤት ዝግ ነው፣ ነገ ማልጄ እመልሳለሁ ብዬ፣ ዶሮዋ ጥሬ ልትለቅም ስትነሣ ጠብቄ ከጭዱ ስር ወሸቅሁት።

በማግስቱ ዶሮዋ አልነሣም አለች። መፈልፈያዋ ሲቀርብ እህልም ውሃም እንደማትል ማን ይንገረኝ! እቤት አባቴ ኮቱን ገለበጠ፣ ፍራሹን ገለበጠ፣ እኛንም ሊገለብጠን ምንም አልቀረው። ነገሩ እንዲህ በቀልድ የሚያልፍ አልነበረም። ዳኛው እስከ ነገ ቁልፉ ካልተገኘ ሌላ ሥራ ፈልግ ብለውታል። ከሱ የባሰው ደግሞ የኦቦ ገመዳ ጉዳይ ነበር። ኦቦ ገመዳ የአዴ ሸምሲያ አጎት ናቸው፤ የመሬት ክርክራቸውን አሸንፈው የውሳኔውን ግልባጭ ሊወስዱ ከአርቦዬ በበቅሎ መጥተዋል። ወረቀቱ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ የተሸነፈው ሰውዬ ግን ወረቀት እስካላየሁ ብሎ መሬታቸውን ማረስ ጀምሯል። በልግ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ልሰርቅ፣ ማለት የሰረቅሁትን መልሼ ልሰርቅ፣ አዴ ሸምሲያ ቤት ገባሁ። ኦቦ ገመዳ ከዶሮዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እየተከዙ ነበር። ያረፉት እዚያው ነው፤ ሌሊቱን የተኙትም ከሚፈልጉት ቁልፍ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ።

"አንቺስ ታድለሻል" ይሏታል ዶሮዋን በኦሮምኛ። "ቀኑ ሲሞላ ይፈለፈልልሻል። የኔን ወረቀት ማን ይታቀፍልኝ?"

እጄን ሰደድኩ። ዶሮዋ በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ነከሰችኝ። ደሜ ሲወርድ፣ እኔ ስጮህ፣ አዴ ሸምሲያ ከጓዳ ወጡ።

"ያ ኢንተላ ኮ፣ ምን ሆነሽ ነው ልጄ?"

እየተንሰቀሰቅሁ "የአባባን ቁልፍ ዶሮዋ ታቅፋዋለች" አልኩ።

አዴ ሸምሲያ አጎታቸውን አዩ፤ ዶሮዋን አዩ። "ወይ ረቢ! ከአርቦዬ ድረስ የመጣበት ነገር ቂጡ ስር ተኝቶለት!" ኦቦ ገመዳ የተባለው ሲገባቸው ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ከመጡ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። አዴ ሸምሲያ ዶሮዋን በኦሮምኛ እያባበሉ እጃቸውን ከሆዷ ስር ሰደው ቁልፉን አወጡ። ልክ ሲያወጡት ጭላሎ አጓራ። ቆም አሉ። አሥራ ሦስት ነፍስ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ያለ ብረት። ዙሪያውን ቢያዩ ማጭድ እንጂ ሌላ የለም፣ እሱም ይቆርጣል። ከመቀነታቸው የቤታቸውን ቁልፍ ፈትተው ከጭዱ ስር ከተቱት።

"ቤትዎስ በምን ሊቆለፍ ነው?" አልኳቸው።

"እሷ አለች አይደለም? አንቺን እንዲህ ያደረገች ሌባ ታሳልፋለች?"

እጄን ይዘው ወደ አባቴ ወሰዱኝ። "የሙሉ አባት፣ ደጄ ላይ ወድቆ አገኘሁት" አሉ። አባቴ ቁልፉን ተቀበለ። ቀኑ እያካፋ የሚያንዘፈዝፍ ቀን ነበር፤ ቁልፉ ግን ይሞቃል። በመዳፉ ይዞት ቆየ። የተጣበቀበትን ጭድ አየ፣ የኔን የተነከሰ እጅ አየ፣ አዴ ሸምሲያን አየ።

"ደጅዎ ሞቃት ነው፣ አዴ ሸምሲያ" አለ።

ኦቦ ገመዳ በማግስቱ ወረቀታቸውን በደረታቸው አድርገው በቅሏቸውን ጫኑ። ሦስት ቀን ሙሉ ግን የአዴ ሸምሲያ ቤት ሳይቆለፍ ዋለ፤ ቅቤያቸውን ይዘው ገበያ ሲወጡ እንኳ። ቁልፉ የት እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ነፋስ በሩን ሲከፍተው መንገድ ያለፈ ሁሉ ቆም ብሎ ይዘጋዋል፤ የገባ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ከአሥራ ሦስቱ አሥራ አንዱ ተፈለፈሉ፤ ገብስማ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ቀለሙ የማይለይ። ከኛ መንጋ ጋር ተደባልቀው በሁለቱ ግቢ ሲፈነጩ ቀይዋ ዶሮ አውራ ዶሯችንን በራሱ ግቢ እንደ እንግዳ ጥግ ጥጉን እንዲሄድ አስተማረችው። ከናታቸው ሲለዩ ክፍፍሉ መጣ። አምስት ለኛ፣ አምስት ለሳቸው፣ አንዲት ቀረች።

"ይቺ የቁልፉ ናት፤ ለሙሉ" አሉ አዴ ሸምሲያ።

"የምን ቁልፍ?" አለች እናቴ፤ ቁልፉ ከዶሮዋ ስር እንደ ነበር ያልሰማች በሰፈሩ እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷን ደፍሮ የነገራት ስለሌለ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ውሰጃት" አለኝ። "ኮቴ ከተሰቀለበት ግን ትራቅ።"

ከጎረምሳው አምስት ጫጩት ገዝቼ በካርቶን ጭድ ጎዘጎዝኩላቸው። ሲመሽ ሰማዩ አጉረመረመ። የተፈለፈለ ጫጩት ብረት እንደማያሻው አውቃለሁ፤ ግን እጄ በገዛ ፈቃዱ ወደ ቁልፎቼ ሄደ። የላዩን ልፍታ አልኩ፣ የታቹን አልኩ፣ የሰንሰለቱን አልኩ። በመጨረሻ ያንን ምን እንደሚከፍት የማላውቀውን ያዝኩ። አዴ ሸምሲያ የፈቱት የቤታቸውን ቁልፍ ነበር፤ እኔ እሱንም መፍታት ፈራሁ።