ቅኝቴን ማን ነካው?

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ባለቤቴ «አንቺ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» እያለ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። አዲስ አበባ ሳለሁ የመዘምራን ቡድናችን ኪቦርድ ተጫዋች ነበርኩ። ኦስሎ መጥቼ ስቶቭነር ሰፈር አረጋውያን እየተንከባከብኩ፣ በትርፍ ሰዓቴ ኦርጋንና ሃርፕሲኮርድ ተማርኩ። ከዚያ ለዓመታት ቪካር ሆንኩ፤ ኦርጋኒስቱ በታመመ ቁጥር የምጠራ ተተኪ ማለት ነው። ስጫወት ያጨበጭቡልኛል፣ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል፣ ቋሚው ሥራ ግን ለሌላ ይሰጣል። እንዲህ የከረመ ሰው እንዴት አይጠራጠር?

በመጨረሻ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቋሚ ኦርጋኒስት ፈልጎ አመለከትኩ። ሁለት ሰዎች ቀረን፤ እኔና አንዲት ኖርዌጂያዊት። ኮሚቴው የየራሳችንን ሁለት ልምምድና አንድ ኮንሰርት በተለያየ ቀን ሰምቶ ሊመርጥ ነው፤ ኦርጋኑ እየታደሰ ስለነበር በሃርፕሲኮርድ። ሃርፕሲኮርድ ፒያኖ ይመስላል፤ ክሮቹ ግን እንደ ክራር ይነካሉ እንጂ አይመቱም። እንጨቱ ደግሞ አኩራፊ ነው። ትንሽ ሙቀት ከነካው ቅኝቱ ይጠፋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ራሱ ይቃኘዋል።

ከልምምዱ በፊት በነበረው ቀን ቁጭ ብዬ ክር በክር ቃኘሁት። በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ተቀምጬ ጣቴን ሳሳርፍ፣ ወይ ጉድ! ከላይ እስከ ታች ተበላሽቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ አስኪያጅ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «መቃኘት ትችያለሽ አይደል?» አለችኝ። ፊቴ ነደደ።

ማን ነካብኝ? ተወዳዳሪዬን ጠረጠርኳት፤ እሷ ግን ቁልፍ የላትም። ቁልፍ ያላቸው ሥራ አስኪያጇና ቫክትሜስተሩ ብቻ ናቸው። ቫክትሜስተሩ፣ ሕንፃውን የሚጠብቁትና የሚያጸዱት፣ ትሮስተሩድ የሚኖሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ባዩኝ ቁጥር ፈገግ ይላሉ፤ ሳልጠይቃቸው በሩን ይከፍቱልኛል። ይህ ሁሉ ፍቅር ከየት መጣ? ማን ከፍሏቸው ይሆን? እንዲህ እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

ለሁለተኛው ልምምድ ስደርስ ጋሼ በጎን በር ሹልክ ሲሉ አየኋቸው፤ በጃኬታቸው የሸፈኑት ነገር አለ። በዋዜማው እንደገና የቃኘሁትን ሃርፕሲኮርድ ስነካው ያው ብልሽት። አለቀ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ስመለስ ሄልስፊር ፌርማታ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ለሥራ አስኪያጇ ጻፍኩላት፤ ቫክትሜስተሩ መሣሪያውን እያበላሸብኝ ነው።

የኮንሰርቱ ዕለት ከሁሉም ቀድሜ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር። ጋሼ ሃርፕሲኮርዱ ሥር ተንበርክከው አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲሰኩ እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው።

«ጋሼ! ምን እየሠሩ ነው?»

ክው አሉ። ከዚያ ሳቅ አሉ። «ውይ እታለም፣ ዛሬስ ቀደምሽኝ። መጀመሪያ የቃኘሽው ቀን ጣቶችሽን በትንፋሽ ስታሞቂ አይቼ አንጀቴን በላሽው። እነዚህ ደግሞ መብራት ተወደደ ብለው ማሞቂያ ከልክለዋል። እኔም ሱብሂ ሰግጄ እመጣና ትንሽ አሞቅልሻለሁ፣ ከዚያ ማሞቂያዬን ይዤ እወጣለሁ። አብሽሪ፣ ማንም አላየኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ እሺ ልትዪ? እንዳይቸገሩ ብለሽ ትከለክይኛለሽ እንጂ።»

እውነታቸውን ነው፣ እከለክላቸው ነበር። የኛ ሰው መቼ አስፈቅዶ ደግ መሆን ይችልበታል? ቅኝቴን ያጠፋው ሙቀታቸው መሆኑን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሥራ አስኪያጇ ገባች። ማሞቂያውን አየች፣ ጋሼን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«እሱ ነው?»

«ለእኔ ብለው ነው» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ያን ካልኩ፣ የተከለከለውን ያስደረግሽው አንቺ ነሽ ብትለኝስ? ሥራው ከእጄ ሊወጣ ነው። ፈራሁ። አዎ፣ ፈራሁ፤ ዝም አልኩ። ጋሼ በተሰባበረ ኖርዌጂያንኛቸው «እኔ ነኝ፣ እሷ አታውቅም» አሉላት።

«እንግዲያው የጻፍሽልኝ ትክክል ነበር» አለች፣ እዚያው እሳቸው ፊት። ጋሼ አንዴ አዩኝና ማሞቂያቸውን ነቅለው ወጡ።

መሣሪያው እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ እንደገና ቃኘሁት። ኮንሰርቱ አማረ፣ ቅኝቱን ያበላሸው ማን እንደሆነ ኮሚቴው ተነገረው፣ ቋሚው ሥራ ለእኔ ሆነ። ጋሼ በወሩ ከዚያ ሥራ ተነሱ።

አሁን አንዳንዴ ባቡር ውስጥ እንገናኛለን። አጠገባቸው ቦታ ይለቁልኛል፣ ስለ አየሩ እናወራለን። እኔ ግን ፊታቸውን እመረምራለሁ፤ ቂም፣ ሽሙጥ፣ የሆነ ነገር ፍለጋ። አንዱንም አላገኘሁም። ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ ቢሉኝ የምመልሰውን አዘጋጅቻለሁ፤ ባቡሩ ትሮስተሩድ ሲደርስ «በይ ደህና ዋይ እታለም» ብለውኝ ይወርዳሉ እንጂ፣ እስካሁን አልጠየቁኝም።