የሾፌሩ ምላስ

ቀኝ እጇ የእንቁላል መምቻውን ያሽከረክራል፤ ግራ እጇ ሳህኑን ደረቷ ላይ አስደግፎ ይዞታል። ኬክ ጋጋሪዋ እጇ ሥራ ሲይዝ ከንፈሯም ሥራ አይፈታም። የምታነበንበው የአባቷን ጸሎት ነው፦ «ከማውቀው ፈተና ጠብቀኝ፤ የማላውቀውን አንተ ታውቀዋለህ፤ ስለ ሁለቱም ተመስገን።» አባቷ የጸሎት ቤት ጠባቂ ነበር። ቤት ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ይህንኑ ይላል። እሷም ምንነቱን ሳትጠይቅ ከአፉ ቀዳችው።

ልጅ ሳለች ፈተና ማለት ሌብነት ወይም የሰው ባል ይመስላት ነበር። ሁለቱም ደጇ ደርሰው አያውቁም። «መልኬን ከሩቅ አይተው ይሆናል የተመለሱት» እያለች ትስቃለች። ስልሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ግን ፈተናዋ መጣ፤ ማንኪያ ሆኖ መጣ።

ስኳር በሽታ እንዳለባት ከተነገራት በኋላ እንኳ ክሬሟን ሳትቀምስ መተው አልሆንላት አለ። ለሌላ ሰው በጣት ጫፍ መቅመስ ምንም አይደለም። የእሷ ጣት ግን ማንኪያ ይጠራል፤ ማንኪያው ደግሞ ሳህኑን ሳይጠርግ አይመለስም። አምና የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ተቆረጠች። ሐኪሙ ልጇ የሚሆን ሰው ነው፤ ቢሆንም ቃሉን አላለሳለሰም። «እናቴ፣ ቀጥሎ እግሩ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ የሚቀምስላት ባሏ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ እሷ ግን ዛሬም «ሾፌሬ» ነው የምትለው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ አላምር ብሎ ነበር።

«እንዴት ነው?»

«ጣፈጠ።»

«እንዴት ጣፈጠ?»

«እንደ ጣፋጭ ነገር ነዋ! ምን ልበልሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህ ውስጥ ያለው ምላስ ነው የጫማ ሶል?»

አኮረፈ። ቆይቶ ግን ምላሱን ላንቃው ላይ አሸት አሸት አደረገና፣ «ሲጀምር ዳገት ነው። መሀል ላይ ሜዳ ይሆናል። መጨረሻው ላይ ድንገት ፍሬን ይይዛል» አላት። ሎሚው እንደበዛ ወዲያው ገባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመንገድ ቋንቋ ተግባቡ። ዳገት ከበረታ ሎሚው አይሏል፤ ቁልቁለት ካለ ስኳሩ በዝቷል፤ ኮረኮንች ካለ ክሬሙ በደንብ አልተመታም።

ዛሬ ግን ሾፌሩን ጉንፋን ጥሎታል። ጠዋት ዳቦውንም ሻዩንም ሞክሮ፣ «ሁሉም ጭጋግ ነው፤ ምንም አይታየኝም» ብሎ ተመልሶ ተኛ። እሷም ኬኩን እንዳስረከበች ፋርማሲ ሄዳ የሳል ሽሮፕ ልታመጣለት ቃል ገባች። የሽሮፑን ስም እንዳትስት ባዶውን ጠርሙስ በሩ አጠገብ አቆመችው።

ኬኩን ያዘዘችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ልጇ ነርስነት ተምራ መጨረሷ ነው። «እትዬ፣ የአምናውን ኬክ ይምሰልልኝ፤ ልጅቷ እሱን ነው ስታነሳ የከረመችው» ብላ አደራ ሰጥታለች። የዘንድሮዎቹ ሎሚዎች ደግሞ ልጣጫቸው ስስ፣ ውሃቸው ብዙ ነው። በልኬት የሚታመኑ አይደሉም።

ሎሚውን ጨምቃ፣ ፍሬውን አጥልላ፣ ከክሬሙ ጋር መታችና ቆመች። ማንኪያውን ነክራ አነሳችው። ክሬሙ ጫፉ ላይ እንደ ሕፃን ጉንጭ ድቡልቡል ብሎ ተቀመጠ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ከእሷና ከግድግዳው ሰዓት በቀር ማንም የለም። «ደግሞ ለሥራ እኮ ነው፤ ለሆዴ አይደለም» አለች ለራሷ። አባቷ ትዝ አላት። እምነቱን የወረሰችው እንደ አሮጌ ሳጥን ነው፤ ተሸክማው ኖረች እንጂ ክዳኑን ከፍታ አይታው አታውቅም። የራሷ ይሁን የአባቷ ልማድ ለይታ መናገር አትችልም። ከንፈሯ ጸጥ አለ። ማንኪያው አገጯ ጋ ደረሰ።

«ምነው ሞተሩ ጠፋ?»

ደንግጣ ዘወር አለች። ሾፌሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ አፍንጫው ቲማቲም መስሎ፣ በሩ ላይ ቆሟል።

«የምን ሞተር?»

«ማነብነብሽ ነዋ። አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ እኮ። እሱ ሲጠፋ ነው የምፈራው።»

«ልቀምሰው ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ።

አልተቆጣም። ማንኪያውን ከእጇ ወስዶ አፉ ውስጥ ከተተው።

«በጭጋግ እንዴት ትነዳለህ?»

«ቀስ ብሎ፣ መብራት አብርቶ ነዋ!»

ተናፈጠ፤ የፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ ቀመሰ። «ሽታው የለም። ዳገቱ ግን ይሰማኛል። አሮጌ መኪና አያወጣውም።»

ስኳር ጨመረችና መምታቷን ቀጠለች። ከንፈሯም ተከተለ፤ በዚህ ጊዜ ግን የምትለውን ራሷ እያዳመጠች ነበር። የአባቷ ፈተና ምን ነበር ይሆን? የዘብ ሰው ነው፤ እንቅልፍ ይሆናል። እናቷም ምናልባት ድምፁን ታዳምጥ ነበር። «ስለ ሁለቱም ተመስገን» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ትንሽ ከፍ አለ።

«አሁንስ?»

«ሜዳ! ተሳፋሪው እንቅልፉን ይለጥጣል።»

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ካርቶኑን ስትቀበል ከኬኩ ጠርዝ ክሬሙን በጣቷ ነካ አድርጋ ላሰችና ዓይኗ በራ። «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ!»

«እጄስ ደህና ነው፤ የሾፌሩን ምላስ መርቂልኝ።»

«ውይ፣ እሳቸውማ ሲሳደቡ ነው የማውቀው ምላሳቸውን!» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ጋጋሪዋ ሹራቧን ከመስቀያው አውርዳ አንዱን እጅጌ አጠለቀች። ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ እግርሽን አሳርፊው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሟል» አላት። ከጎኑ ተቀመጠችና እግሮቿን ጭኑ ላይ ዘረጋች። እሱም በዚያ መሪ ሲጨብጥ በኖረ ወፍራም እጁ ዘጠኙንም ጣቶቿን አንድ በአንድ ማሸት ጀመረ፤ በየመሀሉ ያስላል።

«ሽሮፑስ?» አለች።

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ከንፈሯ ሥራውን ቀጠለ። የሹራቡ ሁለተኛ እጅጌ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባዶው ጠርሙስም በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው።