ያልወረደው ሙሾ

«ጥዱ ከዱር ወርዶ ምሰሶ ሊሆን ነው…»

ማንጠግቦሽ ይቺን ታንጎራጉራለች። ጎመን ስትቀነጥስ፣ ጥጥ ስትፈትል፣ ከምንጭ ስትመለስ ከከንፈሯ አትጠፋም። «ሊሆን ነው» ላይ ስትደርስ ግን ትቆማለች። ሁለተኛው ስንኝ የለም። ድሮ የቀጨሞ ሜዳ ሚካኤል ጣራው ሲታደስ፣ እናቷ ከግንድ ጎታቾቹ ፊት ፊት እየሄደች ስትዘፍነው ሕፃን ሆና ሰምታዋለች። የቀራት የእናቷ ነጠላ ጫፍና ያቺው አንዲት ስንኝ ናት።

ጎረቤቷ በለጠች ይህን መቀለጃዋ አድርጋዋለች። ማንጠግቦሽ ሙሾ አውራጅ ናታ! ከደባርቅ እስከ ዳባት ያለ ለቅሶ ያለ እሷ አይደምቅም። የሟቹን በቅሎ፣ የሟቹን ደግነት እያነሣች ስታስለቅስ፣ አንዱን ስንኝ ሳትጨርስ ሌላው ምላሷ ላይ ይጠብቃታል።

«ለሞተ እንደ ጎርፍ ትወርጃለሽ፤ ለቆመ ቤት ሲሆን ትደርቂያለሽ» ትላታለች በለጠች።

«አንቺ ሙቺልኝና አሳይሻለሁ» ትመልሳለች ማንጠግቦሽ።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ፣ ሰው ከእርሻ ገብቶ እህል በሚቀምስበት ሰዓት፣ ዝናብ የሌለው ደመና ከስሜን ተራሮች ወርዶ ቀጨሞ ሜዳ ላይ ቆመ። አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ ብሎ ነጎደ። ማንጠግቦሽ ጎመኗን እንደያዘች ቀና አለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ካህናቱ ዕጣን ያበዙ መስሏት «ዛሬ የምን በዓል ነው?» አለች ለራሷ።

ጭሱ ጠቆረ። የጣራው ሣር እንደ አንድ ትንፋሽ ቦግ አለ።

ሰው ሁሉ እንስራውን አንጠልጥሎ ሮጠ። የሚያዝያ ምንጭ ግን ጠብ ጠብ ነው የሚል። የደብሩ አለቃ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ወደ እሳቱ ገቡ። በሩ ዋጣቸው። ስንቆይ፣ ስንቆይ፣ ካባቸው እየጨሰ ታቦቱን በራሳቸው ላይ አድርገው ወጡ። ውሃ የያዘው ሁሉ እንስራውን አስቀምጦ መሬት ሳመ።

ከዚያ ጣራው ወረደ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሲቀመጥ «እህ» እንደሚለው ያለ ነው። ከመቅደሱ በር ላይ፣ አያቶቻችንንም እኛንም በልጅነት ሲያስፈራራ የኖረው ሥዕል፣ ሚካኤል ሰይፉን እንደመዘዘ ቆሟል። መጀመሪያ ሰይፉ ጠቆረ። ከዚያ ክንፉ ተላጠ። ዓይኖቹ እስከ መጨረሻው ያዩን ነበር።

የጮኸ ሰው የለም። እጁን አናቱ ላይ ጭኖ የቆመው ሕዝብ ቀስ በቀስ ድንጋይ ድንጋዩን ይዞ ተቀመጠ፤ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ ማንጠግቦሽ ዞረ።

«በይልን እንጂ፤ ልባችን ሊፈነዳ ነው» አለቻት በለጠች።

ማንጠግቦሽ ተነሣች። ሙሾ የሚጀመር የሟቹን ስም ጠርቶ ነው። አፏን ከፈተች፤ ስሙ ግን አልወጣ አለ። በስሙ የተጠመቀች፣ በስሙ የተዳረች፣ ባሏንም በስሙ የቀበረች፣ ያን ስም ከሟች ተርታ ልትጠራው ምላሷ እምቢ አለ።

«ተይው፣ ልጄ» አሏት ቄስ ሀብተ ሚካኤል። ቅንድባቸው ተለብልቦ ፊታቸው የሌላ ሰው መስሏል። «ታቦቱ ወጥቷል። ላልሞተ ሙሾ አይወርድም።»

«ታዲያ አባ፣ ይህን ምን እናድርገው?» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ቄሱ ታቦቱን ከዋርካው ሥር በተተከለ ድንኳን አሳረፉት።

«እሱ በድንኳን ተቀምጦ እኔ ከገበታ አልቀመጥም» አለች ማንጠግቦሽ። «ምሰሶው እስኪቆም ድረስ።»

ከዚያ ወዲያ ቆማ ነው የምትበላው፤ ጭብጥ ቆሎ፣ ቁራሽ የገብስ ዳቦ። በለጠች አየቻትና «ስምሽ ማንጠግቦሽ፣ አንቺው ሳትጠግቢ ልታልቂ ነው» አለቻት። ማንጠግቦሽ አልሳቀችም። ማንጎራጎሩም ቀርቶ ነበር። ሰውም እንደሷ ሆነ፤ አመድ ሲጠርግ፣ ድንጋይ ሲለቅም፣ አንዱ ላንዱ የሚናገረው በጥቅሻ ነው።

ግንቦት ሲጋመስ የጃናሞራ ሰዎች ከዱራቸው ትልቅ ጥድ ሰጡን። ክረምቱ ሳይገባ ምሰሶው ካልቆመ የተረፈው ግድግዳ በዝናብ ይናዳል። ግንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዳገት ሲደርስ ግን ተገተረ። ወንዶቹ ገመዱን ይዘው ይጎትታሉ፤ አንዱ ሲስብ አንዱ ይተነፍሳል። ዘፈን የሌለው ጉተታ እንዲህ ነው፤ ጉልበት አይገጥምም። ለመዝፈን ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ ያለው አልተገኘም።

በዚህ መሐል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቢራራ ብቅ አለ። የዘመኑ ሹም የቤተ ክርስቲያን ሥራ አይወድምና ሰው ደነገጠ።

«እኔ መንገድ ላስከፍት ነው የመጣሁ» አለ ቢራራ ማንንም ሳያይ። «መንገድ የዘጋ ግንድ አለ ተብዬ ነው።» ጠመንጃውን ቁጥቋጦ ላይ አንጠልጥሎ ገመዱን ያዘ።

«ወዴት ነው ታዲያ የምታነሣው?» አለችው በለጠች።

«ወደ ላይ ነዋ።»

ግንዱ አሁንም ወደ ታች ተንሸራተተ። አንዱ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። በለጠች ወደ ማንጠግቦሽ ዞራ፣ ይህን ጊዜ ያለ ቀልድ፣ «የእናትሽን በይ» አለቻት።

«ግማሽ ናት።»

«ግማሿን በያት።»

«ጥዱ ከዱር ወርዶ ምሰሶ ሊሆን ነው» አለች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር። ገመዱ ተወጠረ። «ሊሆን ነው» ላይ ስትቆም ግን ሁሉም ቆመ፤ ግንዱ የወጣውን ያህል ተመለሰ። ደገመችው፤ ያው ሆነ። ያን ጊዜ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከወንዶቹ መሐል ገብታ ትከሻዋን ከግንዱ ሥር አደረገች። ከበዳት። አጥንቷ ድረስ ከበዳት። ቃሉ ከዚያ ክብደት ውስጥ መጣ፤

«ጥዱ ከዱር ወርዶ ምሰሶ ሊሆን ነው፣
ነገ የሚሸከመን ዛሬ ተሸክመነው።»

የእናቷ ይሁን የራሷ አላወቀችም። ሕዝቡ ተቀበላት። ዳገቱን የወጣው ግንዱ ነው ወይስ እኛ፣ ለይቶ የሚናገር አልነበረም። ብዙዎቹ እየዘፈኑ ያለቅሱ ነበር። ቢራራም «ላቡ ዓይኔን» እያለ ፊቱን ይጠርግ ነበር።

ምሰሶው በቆመ ጊዜ እልልታ አልተሰማም። ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። ሰማዩ በጣራው ቦታ ራቁቱን ይታያል፤ በሩ ላይ ከተቃጠለው ሥዕል አንድ ዓይን ተርፎ ያያል።

በለጠች የገብስ እንጀራ በባቄላ ወጥ ይዛ መጣችና የጥድ ፍላጭ በእግሯ ጠረግ ጠረግ አደረገች።

«ተቀመጪ፣ እቴ።»

ማንጠግቦሽ ምሰሶውን በመዳፏ ነካ አደረገችው። ከዚያ ጀርባዋን አስደግፋው ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቆረሰች፣ አጠቀሰች፣ ጎረሰች።